ሸራሽን በመመለሻ ጥቅልሽ ልክ ቁረጪ

ጥያቄ፦ ሰላም የዓምዱ አዘጋጆች። በዘይት ቀለም በትልልቅ ሸራ ላይ የምሠራ ሰዓሊ ነኝ። አውሮፓ ውስጥ፣ የሸንገን ቪዛ የሚጠየቅበት አንድ ትልቅ ከተማ ያለ የስቱዲዮ ሬዚደንሲ ተቀብሎኛል፤ ከየአገሩ የሚመጡ ሰዓሊዎችን የሚያስተናግድ ነው። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ለብቻዬ 25 ካሬ ሜትር ስቱዲዮ ይሰጡኛል፤ መኖሪያው ሌላ ቦታ ሆኖ ከሌሎች ጋር የምጋራው ነው። ኖቬምበር 21 እና 22 «ክፍት ስቱዲዮ» የሚባል፣ ሕዝብ ስቱዲዮዎቹን የሚጎበኝበት ቀን አለ። 150 በ200 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 6 ሥዕሎች ጨርሼ ይዤ ለመመለስ አቅጃለሁ። ምን ይዤ ልሂድ? ጊዜዬንስ እንዴት ልጠቀምበት? ደግሞ ኩሬተሮች፣ ማለትም ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች፣ ስቱዲዮሽ ድረስ እየመጡ ያነጋግሩሻል ተብያለሁ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ከአሁኑ ጨንቆኛል።

መልስ፦ እኅታችን፣ እንኳን ደስ አለሽ! ከዕቃውም ከኩሬተሩም በፊት ግን ዛሬውኑ ልታስተካክዪው የሚገባ ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ አይተናል። ቀኑን ቁጠሪው። ሴፕቴምበር 30፣ ኦክቶበር 31፣ ኖቬምበር 30፤ ድምሩ 91 ቀን ነው። የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ የሚፈቅደው በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው፤ የገባሽበት ቀንም የወጣሽበት ቀንም ይቆጠራሉ። ኦገስት 31 ደርሰሽ ዲሴምበር 1 ብትሳፈሪ 93 ቀን ቆየሽ ማለት ነው። ባለፉት ወራት ለሌላ ጉዳይ ሸንገን ገብተሽ ከነበረም እነዚያ ቀናት ከ90ው ላይ ሊቀነሱ ይችላሉ። «ሦስት ወር» እና «90 ቀን» አንድ የሚመስሏቸው አዘጋጆች ጥቂት አይደሉም፤ ብዙዎቹ እንግዶቻቸው ቪዛ ስለማያስፈልጋቸው ወይም የረጅም ጊዜ ፈቃድ ስላላቸው ጉዳዩን ልብ አይሉትም። ዋጋውን የምትከፍዪው ግን አንቺ ነሽ። አንድ ቀን ማሳለፍ እንኳ ቅጣት ወይም የመግቢያ እገዳ ሊያመጣ፣ የሚቀጥለውንም ቪዛሽን ሊያበላሽ ይችላል።

መውጫው ሁለት ነው። አንዱ የግብዣ ደብዳቤውን ከሴፕቴምበር 3 እስከ ኖቬምበር 29 አድርገው እንዲጽፉልሽ መጠየቅ ነው። 88 ቀን ይሆናል፤ በረራ ቢሰረዝ 2 ቀን መጠባበቂያ ይኖርሻል። ሌላው የአገሩን የረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከት ነው፤ እሱ ግን ተጨማሪ ሰነድና ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። ለሦስት ቀን ብለሽ ወደዚያ እንድትገቢ አንመክርም። የአጭሩን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። የቀጠሮ ወረፋ ስለሚኖር 15 ቀኑን አትመኚ፤ ደብዳቤው እንደደረሰሽ ቀጠሮ ያዢ። ደብዳቤው ላይ ስምሽ ልክ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ይጻፍ። የስቱዲዮውም የመኖሪያውም አድራሻ፣ በረራውን፣ ማደሪያውንና የኪስ ገንዘቡን ማን እንደሚችል ከነመጠኑ ይገለጽ፤ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። የጉዞ የሕክምና መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና እስከ መጨረሻው ቀን የሚዘልቅ ይሁን።

ሬዚደንሲ የሚለው ስም አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ እንደየቦታው ይለያያል። በ1965 የተከፈተው የፓሪሱ ሲቴ ኢንተርናስዮናል ዴዛር ከ300 በላይ ስቱዲዮዎች አሉት፤ ሰዓሊው እዚያው ይኖራል፣ እዚያው ይሠራል። በ1994 የተመሠረተው የኒው ዮርኩ አይ ኤስ ሲ ፒ (ኢንተርናሽናል ስቱዲዮ ኤንድ ኩራቶሪያል ፕሮግራም) የሚሰጠው መሥሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም፤ ጥንካሬው ከኩሬተሮች ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው። የአምስተርዳሙ ራይክስአካዴሚ ሁለት ዓመት የሚቆይ ሲሆን የቴክኒክ ወርክሾፖቹ ለሥራው ዋና ድጋፍ ናቸው። የአንቺው የትኛውን እንደሚመስል የሚነግርሽ ውሉ ነው፤ ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂያቸው። የኪስ ገንዘቡ የሚከፈለው መቼ ነው? በአንዴ ነው በየወሩ? በባንክ ከሆነ የአገርሽ ሒሳብ ይሠራል? ግብር ይቆረጥበታል? የቁሳቁስ በጀት ካለ ቀድሞ ይሰጣል ወይስ በደረሰኝ ተወራርዶ? በደረሰኝ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ፖስታ ውስጥ አጠራቅሚ። መልሱ ምንም ይሁን ምን ለመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት የሚበቃ ገንዘብ ይዘሽ ሂጂ፤ የመጀመሪያው ክፍያ መዘግየቱ የተለመደ ነው።

ስለ ሥራዎችሽ ባለቤትነትም ጠይቂ። አንዳንድ ቦታ ሰዓሊው ሲሄድ አንድ ሥራ ትቶ እንዲሄድ ይደረጋል። ይህ ካለ ሥራውን የሚመርጠው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የሚቀረው ምርጡ ሥራሽ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ስድስቱ ሥዕሎች እንምጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ተዪያቸው። ቤትሽ ሆነሽ ልትሠሪው የምትችዪውን ለመጨረስ ያን ሁሉ መንገድ ሄደሽ፣ ከተማውን በመስኮት ብቻ አይተሽ ብትመለሺ ያሳዝነናል። ደግሞም ጊዜው አይበቃም፤ ይህን ለማየት ከመጨረሻው ቀን ተነሥተሽ ወደ ኋላ ቁጠሪ። ኖቬምበር 29 ትሳፈሪያለሽ። ከ23 እስከ 28 የማሸጊያ፣ የጽዳትና የቁልፍ ማስረከቢያ ቀናት ናቸው። 21 እና 22 ሕዝብ ይገባል። 19 እና 20 መስቀያና ፎቶ ማንሻ ነው። ከወዲህ በኩል ደግሞ ሴፕቴምበር 3 ደርሰሽ ሱቁን፣ መንገዱን፣ ቁልፉን፣ ሰዉን እስክትለምጂ እስከ 16 ድረስ ቁም ነገር ያለው ትልቅ ሥራ አይጀመርም። የሚቀርሽ ከሴፕቴምበር 17 እስከ ኖቬምበር 18፣ ልክ 9 ሳምንት ነው። ከዚህ ላይ የጋራ ስብሰባው፣ የሙዚየም ጉብኝቱና የኩሬተር ቀጠሮው በሳምንት አንድ ተኩል ቀን ገደማ ይወስድብሻል።

የዘይት ቀለም ደግሞ ከዘጠኙ ሳምንት ላይ የራሱን ድርሻ ይነሣል። አክሪሊክ የሚደርቀው ውሃው ተንኖ ነው፤ ዘይት ግን ከአየር ኦክሲጅን እየሳበ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጥረው። ስስ ሽፋን እጅ እስከማይዝ ድረስ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ በቢላ የተለጠፈ ወፍራም ቀለም ላይ ላዩ ቆዳ ቢያወጣም ውስጡ ለወራት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ቀለሙም ይለያል። አምበር ውስጡ ማንጋኒዝ ስላለው ቶሎ ይደርቃል፤ ታይታኒየም ነጭ፣ ካድሚየም ቀይና አይቮሪ ጥቁር ይዘገያሉ። የአውሮፓ መኸር ቀዝቃዛና ብርሃኑ አናሳ ስለሆነ ሁሉንም ያዘገየዋል። ኖቬምበር 25 ላይ የሚጠቀለል ሸራ የመጨረሻውን የዘይት ብሩሽ ከኦክቶበር 25 በኋላ ባያይ ይሻላል። እንግዲህ ዘይት የምትቀቢበት ጊዜ 39 ቀን ብቻ መሆኑ ነው።

ይህን ለማስፋት ሦስት መላ አለ። የመጀመሪያው ሥዕሉን ከሥር በአክሪሊክ አቁመሽ ዘይቱን ለላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ማስቀረት ነው። አክሪሊክ ላይ ዘይት ይያዛል፤ ዘይት ላይ አክሪሊክ ግን አይጣበቅም፣ ውሎ አድሮ ይላጣል፤ ቅደም ተከተሉን አታዛቢ። ሁለተኛው ዘይትን ቶሎ የሚያደርቀውን የአልኪድ ማቅጠኛ መጠቀም ነው፤ ስስ ሆኖ ከተቀባ በአንድ ቀን ገደማ እጅ መያዙን ያቆማል። ከመሄድሽ በፊት ግን በትንሽ ሸራ ሞክሪው፤ የቀለሙን አንጸባራቂነትና የብሩሹን መንሸራተት ስለሚቀይር እዚያ ስትደርሺ እጅሽን እንዳያደናግረው። ሦስተኛው ሥራውን ወደ ወረቀት ማዞር ነው፤ እኛ የምንወደውም ይህን ነው፤ ምክንያቱን ከታች ታዪዋለሽ።

መጠኑን ደግሞ መመለሻሽ ይወስነዋል። ብዙ አየር መንገዶች ለሚጫን ሻንጣ የሚፈቅዱት የቁመት፣ የወርድና የውፍረት ድምር 158 ሳንቲ ሜትር ነው። ሸራ ያለ ጉዳት የሚጠቀለልበት ቱቦ ደግሞ ዲያሜትሩ ከ15 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። 15 እና 15 ስትቀንሺ ለቱቦው ርዝመት የሚተርፍሽ 128 ሳንቲ ሜትር ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ለመጠበቂያ ትንሽ ትንሽ ካስቀረሽ የሸራው ወርድ ከ120 መብለጥ የለበትም፤ ከዚያም በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ለመወጠሪያ ስትተዪ የሥዕሉ ወርድ 110 ይሆናል። በዚያኛው አቅጣጫ ስለሚጠቀለል ርዝመቱ 160ም 200ም ቢሆን ግድ የለም። 150 በ200 ያልሽው ግን በአጭሩ ጎኑ እንኳ ብትይዢው ከመወጠሪያ ትርፉ ጋር 160 ነው። እንደ ትርፍ መጠን ዕቃ ያስከፍልሻል፣ ካልሆነም ወደ ካርጎ ትሄጂያለሽ። አየር መንገድሽ የሚለውን አረጋግጪና ሸራውን ከመቁረጥሽ በፊት ልኩን ግድግዳሽ ላይ ጻፊው።

ስለዚህ የኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ 110 በ160 የሆኑ 2 ሸራዎች፣ ቢበዛ 3፤ ከነሱ ጎን 50 በ70 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ 30 ያህል ሥራ። ወረቀት በጠፍጣፋ ቦርሳ ይገባል፤ 50፣ 70 እና የቦርሳው ውፍረት 5 ተደምረው 125 ስለሚሆኑ ገደቡን አያልፉም። በአንድ ቀን ሦስት ጀምረሽ ሁለቱን መጣል ትችያለሽ፤ ስድስት ትልልቅ ሸራ ይዘሽ ግን አንዱንም ለመጣል አትደፍሪም። አዲስ ከተማ ውስጥ የሚያስፈልግሽ ደግሞ ያ ድፍረት ነው። ሸራውን በእንጨት ሳትወጥሪ ግድግዳ ላይ ወጥረሽ ሥሪ። ግድግዳውን በስቴፕለር መውጋት የሚከለክሉ ቤቶች አሉ፤ ከከለከሉ ቴክኒሻኑን የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ለምኚው።

ስቱዲዮውን በተመለከተ አስቀድመሽ የምትጠይቂው ይህን ነው፦ መስኮቱ ይከፈታል? ተርፐንታይንና ዋይት ስፒሪት ይፈቀዳሉ? ማታ መግባት ይቻላል፣ ማሞቂያውስ ማታ ይሠራል? የሊፍቱና የበሩ ስፋት ስንት ነው? በከተማ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ብዙ ስቱዲዮዎች አየር ማስወጫቸው የጋራ ስለሆነ ማሟሟያ ይከለክላሉ፤ ያንቺ ሽታ የጎረቤት ስቱዲዮ ውስጥ ነው የሚገባው። ከከለከሉ ብሩሽሽን በምግብ ዘይት ጠርገሽ በሳሙና ማጠብ ይበቃል፤ የቀረው ዘይት ቀለሙን እንዳያዘገየው በደንብ አጥቢው። በሊንሲድ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጨብጠሽ ቅርጫት ውስጥ እንዳትጥዪ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ ተከምሮ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ማንም እሳት ሳያስነካው በራሱ ይነዳል። ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ ሞልተሽ ክተቺው፤ ሲሞላ ቴክኒሻኑ የሚጣልበትን ያሳይሽ።

ሻንጣሽን ቀላል አድርጊው። ተርፐንታይን፣ ዋይት ስፒሪት፣ ንድፍ እንዳይለቅ የሚረጨው ፊክሳቲቭና ቫርኒሽ በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ስለሆኑ በእጅም በሚጫን ሻንጣም አይሄዱም፤ እዚያው ግዢ። የዘይት ቀለም ቱቦ ግን መሠረቱ የተክል ዘይት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሚጫን ሻንጣ ይሄዳል። ከአምራቹ ድረ ገጽ ሴፍቲ ዳታ ሺት የሚባለውን ወረቀት አትመሽ ከቱቦዎቹ ጋር አስቀምጪ፤ የእሳት መያዣ ነጥቡ (ፍላሽ ፖይንት) ከ60 ዲግሪ በላይ መሆኑን የሚያሳየውን መስመር አስምሪበት። ሻንጣው ተከፍቶ ቢጠየቅ «ፔይንት» ከማለት «የሰዓሊ የዘይት ቀለም» ማለቱ ይሻላል፤ ፔይንት ሲባል የሚታሰበው የሚቀጣጠለው የግድግዳና የመኪና ቀለም ነውና። መቁረጫ፣ መቀስና ስፓቱላ የእጅ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገቡ። ሸራ፣ እንጨት፣ ፕራይመርና ነጭ ቀለም ከባድም ናቸው፣ በየትም ከተማ ይገኛሉ፤ አትሸከሚያቸው። የለመድሻቸውን 6 ወይም 8 ብሩሾች፣ ሌላ ቦታ አጣዋለሁ ብለሽ የምትፈሪውን ቀለም፣ በወረቀት ላይ የሠራሻቸውን 5 ትንንሽ ሥራዎችና የድሮ ሥራዎችሽን ጥሩ ፎቶ ያዢ። ትንንሾቹ ሥራዎች የሚጠቅሙሽ በመጀመሪያው ወር፣ ግድግዳሽ ባዶ ሳለ ሰው ሲመጣ ነው። ለሁሉም የሥራ ዝርዝር አዘጋጂ፤ ርእስ፣ ዓመት፣ ቁሳቁስ፣ መጠን፣ ዋጋና የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፎቶ ይኑረው። በእጅ የተሠሩ ሥዕሎች የጉምሩክ ምድብ 9701 መሆኑንም ጻፊበት። ከአገር ስትወጪ ሥራዎቹ ቅርስ አለመሆናቸውን የሚያሳይ ማረጋገጫ የሚጠይቁ አገሮች ስላሉ ይህንንም ቀድመሽ አጣሪ።

ስትደርሺ መጀመሪያ የምትወዳጂው ሰው ቴክኒሻኑ ይሁን። ያለፉት ሰዓሊዎች ጥለውት የሄዱት እንጨት፣ መብራት፣ ጠረጴዛ የት እንዳለ፣ የትኛው ሱቅ ለሬዚደንሲው ቅናሽ እንደሚያደርግ የሚያውቀው እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትልቅ ሸራ አትንኪ። በየቀኑ ጠዋት ከስቱዲዮሽ በእግር በተለያየ አቅጣጫ ሂጂ፣ ትንሽ ደብተር ላይ ንደፊ፣ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ላይ ሥሪ። ከሌሎቹ ሰዓሊዎች ጋርም በዚሁ ጊዜ ስቱዲዮ ለስቱዲዮ ተጠያየቂ፤ ከወር በኋላ ሁሉም በየበሩ ይዘጋል።

አሁን ወደሚያስጨንቅሽ ነገር። የስቱዲዮ ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነው፤ ፈተናም አይደለም። የሚመጣው ሰው ያንቺን እንግሊዝኛ ሊያርም አልመጣም። በሥራው ከየአገሩ ሰዓሊ ጋር ሲነጋገር የሚውል ስለሆነ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ለጆሮው አዲስ አይደለም። የሚያደክመው ንግግሩ መስመር ሲያጣ ነው። ስለዚህ 6 ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፊ፦ ምን እያየሽ እንደምትሠሪ፣ በምን እንደምትሠሪና ለምን፣ እዚህ ምን እንደጀመርሽ፣ ምኑ እንዳልተፈታልሽ። ያልተፈታልሽን መናገር አትፍሪ፤ ውይይቱን የሚከፍተው እሱ ነው። ከዚያ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አብሮሽ ይተርጉመውና ጮክ ብለሽ 20 ጊዜ በዪው። ለሥራዎችሽ ቁልፍ የሆኑ 15 ቃላት ለይተሽ ያዢ። ከዚህ በላይ ካስፈለገ ጽሕፈት ቤቱን አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ለዚህ በጀት ያላቸው ቤቶች አሉ፣ ሳይጠየቁ ግን አይሰጡም።

ክፍሉን እንዲህ አዘጋጂው። ግድግዳ ላይ 3 ወይም 4 ሥራ ብቻ ስቀዪ፤ ሌላው ወደ ግድግዳ ዞሮ ይቀመጥ። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ሥራዎቹን በአንድ ክምር አድርጊ፤ እንግዳሽ በእጁ እየገለጠ ይይ። ሁለት ወንበር ይኑር። ብዙዎች የሚሳሳቱት ስልካቸውን አውጥተው የአሥር ዓመት ሥራ በጣት እያንሸራተቱ ሲያሳዩ ነው፤ እንግዳው ፊቱ ያለውን ትኩስ ሥራ ሳያይ ይወጣል። የድሮ ሥራ ከተጠየቅሽ 15 ምስል ያለው ፒዲኤፍ በታብሌት ወይም ታትሞ ይቅረብ። ከሚጠየቁት ጥያቄዎች «ለምን በዚህ መጠን?» እና «ይህ ከየት መጣ?» የሚሉት አይቀሩምና ለነሱ መልስ ይኑርሽ። አንቺም አንድ ጥያቄ አዘጋጂ፤ «ከተማው ውስጥ ይህን ሥራ ማየት ያለበት ሌላ ሰው ማን ይመስልዎታል?» ብትዪ ጥሩ ነው። ኤግዚቢሽን ግን እዚያው አትጠይቂ። በሁለት ቀን ውስጥ አጭር ኢሜይል ላኪ፦ ምስጋና፣ የተነጋገራችሁበት ሥራ 3 ፎቶ፣ አንድ መስመር ስለ ክፍት ስቱዲዮው ቀን። እንግዶቹን ጽሕፈት ቤቱ ብቻ እንዲመርጥ አትተዪ። በሁለተኛው ሳምንት ልታገኚያቸው የምትፈልጊያቸውን 5 ሰዎች ስም፣ ከእያንዳንዱ ጎን ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ለአስተባባሪዋ ስጫት። ኦክቶበር ላይ ስትጠይቂ የሰዎቹ ቀን መቁጠሪያ ሞልቶ ታገኚዋለሽ።

ለክፍት ስቱዲዮው ቀን አንድ ነገር አስቀድመሽ ፈትኚ፤ መብራት። በኖቬምበር መጨረሻ በሰሜኑ የአውሮፓ ክፍል ፀሐይ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የምትጠልቅባቸው ከተሞች አሉ፤ ቀን በመስኮት ብርሃን ያየሽው ሰማያዊ ማታ በቢጫ አምፖል ሌላ ቀለም ነው። ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን ያለውና የቀለም ታማኝነቱ (CRI የሚባለው ቁጥር) ከ90 በላይ የሆነ ኤልኢዲ ፈልጊ፤ ከሳምንት በፊት ማታ አብርተሽ እዪው። ያልደረቀ ሥዕል ካለ መሬቱ ላይ ከግድግዳው 1 ሜትር ርቀት ላይ ቴፕ ለጥፊ፤ ሰው ኮት ለብሶ በሚጨናነቅበት ክፍል ትከሻ ሥዕል ይጠርጋል። ዋጋ መለጠፍ ይቻል እንደሆነ ውሉንም የቪዛሽንም ዓይነት ጠይቀሽ ብቻ ወስኚ፤ መሸጥ የማይፈቀድበት ቪዛ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው «ሥራሽን ልያዝልሽና ልሽጥልሽ» ካለሽ ያለ ጽሑፍ አትስጪ። እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ከመቶ ስንት እንደሚወስድ፣ ካልተሸጠ በማን ወጪ እንደሚመለስ የተጻፈ ወረቀት ይኑር።

ፎቶ ግን ሕዝብ ከመግባቱ በፊት ኖቬምበር 20 ተነሥቶ ይጠናቀቅ። ካሜራውን ከሥዕሉ መሐል ትይዩ በትሪፖድ አቁሚ፣ የክፍሉን መብራት አጥፍተሽ በደመናማ ቀን የመስኮት ብርሃን አንሺ። አንድ ሰፋ ያለ የክፍሉን ፎቶ፣ አንድ የሥዕሉን ሙሉ፣ ሁለት የቅርብ ዝርዝር ይበቃል። ለሚቀጥለው ማመልከቻሽ የሚያገለግሉሽ እነዚህ ናቸው።

ሸራውን ስትጠቀልዪ ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ይሁን። ብዙ ሰው ለመጠበቅ ብሎ ወደ ውስጥ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ተጨምቆ ይሸበሸባል። ላዩ ላይ ግላሲን የሚባለውን ለስላሳ ስስ ወረቀት ወይም የሲሊኮን ወረቀት ዘርጊበት። ባብል ራፕ በቀጥታ ቀለም ላይ እንዳይነካ፤ በተለይ አክሪሊክ ላይ ክብ ክቡን አትሞት ይቀራል። አክሪሊክ በብርድ ስለሚጠጥርና ስለሚሰነጠቅ በሞቀ ክፍል ጠቅልዪው። ቱቦው ውስጥ ከመክተት ቱቦው ላይ መጠቅለል፣ ከዚያ ሰፋ ባለ ሌላ ቱቦ መሸፈን ነው ትክክለኛው፤ 158ቱ የሚለካው ታዲያ በውጭኛው ቱቦ ነውና ውስጠኛውን 12 ማድረግ ግድ ሊልሽ ይችላል፤ ስስ ለሆነ ቀለም ይህም ያስኬዳል። ምናልባት በእንጨት ሣጥን በካርጎ የምትልኪ ከሆነ ጥሬ እንጨቱ አይ ኤስ ፒ ኤም 15 የሚባለውን የሙቀት ሕክምና ያለፈና ማኅተም ያለበት ይሁን፤ መሐሉ ድረስ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሞቀ ማለት ነው። ማኅተም የሌለው ሣጥን ጉምሩክ ላይ ሊመለስ ወይም ሊወገድ ይችላል። ኮምፔንሳቶ ግን በሙጫና በሙቀት የተሠራ ስለሆነ ይህ አይጠየቅበትም።

ቤትሽ ስትደርሺ ቱቦውን ጥግ አስደግፈሽ አትተዪው። በማግስቱ ፈትተሽ ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ ንጹሕ ወለል ላይ ለሁለት ቀን አሳርፊው፤ ከዚያ ወጥሪው። የመጨረሻውን ቫርኒሽ ግን ቢያንስ 6 ወር፣ ወፍራም ቀለም ያለበት ከሆነ አንድ ዓመት ሳይሞላው አትቀቢው።